ጀልባ ላይ ያደረ ሰው ተኝቷል ወይስ ሠርቷል?

ልጆቼ፣ በቅርቡ የሰው ኃይል ክፍል የገባችሁም፣ የሠራተኛ ማህበር ተመራጭ የሆናችሁም፣ ይህን የምጽፍላችሁ ራሴን እያማሁ ነው።

ጣና ላይ ሕዝብ በሚያመላልስ አንድ ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ስጀምር ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት እጠርግ ነበር። ከዚያ የማህበሩ ጸሐፊ ሆንኩ። በመጨረሻ አስተዳደር ወሰደኝና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጥኩ። የድሮ ጓደኞቼ "ከዳን" አሉኝ። ትንሽ እውነት አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ በአንድ ቀን አይደርስም ነበር። ዘጌንና ደቅን እየነካ ቁንዝላ ያድራል። ሠራተኞቹም እዚያው ያድራሉ። አንድ ጊዜ ተፈራርመው አመለከቱ፤ ለማደሪያዋ ሌሊት የትርፍ ሰዓት ይከፈለን አሉ። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በአንድ መስመር መለስኩላቸው፦ "ሠራተኛው የሚያድረው ተኝቶ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም።" ፊርማ፣ ማህተም፣ አለቀ። ቆንጆ ደብዳቤ የጻፍኩ መሰለኝ።

ደብዳቤዋ ጀልባው ውስጥ ተለጥፋ ሰነበተች። በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ሞተሩ እምቢ አለ። ሞተር ክፍል ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ወደቡ ላይ ሰው ከነጓዙ ተኮልኩሏል። አንዲት ሴት ከሆስፒታል የወጡ እናቷን በጋቢ ጠቅልላ ደረጃው ላይ ይዛቸው ተቀምጣለች። እስከ ቀትር አልተነሳችም። የምትሄደው ደቅ ነው። ደቅ ደሴት ነው፤ ጀልባ ከቀረ የሚቀረው ታንኳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ በደንገል ታንኳ በሽተኛ አይጫንም። ሴትየዋ ከኔም ከሜካኒኩም አልተጣላችም።

በሚቀጥለው ጉዞ እኔም ተሳፈርኩ። ባለቤቴ "በዚህ ዕድሜህ ምን ቆርጦህ?" አለችኝ። ቁንዝላ ደረስን፣ ተሳፋሪው ወረደ፣ እራት በልተን ተጋደምን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሳ። ገመድ የሚይዘው ልጅ በባዶ እግሩ ብድግ አለ። ገመዱ የወደቡ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ነበር። አላላው፣ ጆንያ ጠቀለለበት፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ ባትሪ ይዞ ወደ ታች ወረደ፤ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ሊያይ ነው። እስኪነጋ ሦስት ጊዜ ተነሳ። በሁለተኛው ላይ አየኝና "ጋሼ፣ አልተኙም እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው?

የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። ያኔ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 እንዲህ ይል ነበር፤ አሁን ያለው 1156/2011ም ይኸንኑ ይላል። ደብዳቤውን ስጽፍ አንቀጹን አላነበብኩም ብል ዋሸሁ። አንብቤዋለሁ። ገመዱን ነው ያላየሁት።

ስመለስ ካፒቴኑን፣ ሜካኒኩንና የማህበሩን ሊቀመንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ይከፈለው አልተባለም። የሌሊት ተራ ወጣ። ተራው የደረሰ ሰው ጉዞ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ የፈረመበት ይከፈለዋል። ያልደረሰው ተዘርሮ ይተኛል። ያኔ የሌሊት ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነበር፤ ዛሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 ሆኗል። በአንድ ቁጭታ ተስማማን። የዚያን እሑድ የሞተር ነገር ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ለማህበር ልጆች ግን ላንሳው። ሥራ ማቆም መብት ነው፤ ወግ ግን አለው። ከማህበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ አብላጫው ይደግፈዋል፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሥሩ ቀን ለአለቃ ብቻ አይምሰላችሁ። ያቺ ሴት ሰምታ ቢሆን ኖሮ እናቷን ቅዳሜ ታሳፍራቸው ወይ ዘመድ ቤት ታሳድራቸው ነበር። ሞተር ተበላሸ ብሎ ማስቀረት ግን በእሷ ላይ መዋሸት ነው።

መንገዱንም እወቁት። እንደ ሌሊቷ ክፍያ ሁሉን የሚነካ ከሆነ የወል ክርክር ነው፤ ወደ አስማሚ ይሄዳል። አስማሚው በ30 ቀን ካልቻለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አለ። የአንድ ሰው ስንብት ከሆነ ፍርድ ቤት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሕጋችሁ ሌላ ነውና ቅጥር ደብዳቤያችሁን ቀድማችሁ እዩ።

ሽምግልና እወዳለሁ። እኛ አገር ያለሱ ምን ይፈታል? ግን ሽማግሌ ስለተቀመጠ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ አይቆምም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል በ3 ወር። ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ አሠሪው "ይህን ያህል አለብኝ" ብሎ በጽሑፍ ይመን፤ እንዲህ ማመኑ ይርጋውን ያቋርጠዋል።

ይህን የማውቀው በአንድ ትኬት ቆራጭ ነው። በእረፍት ቀኑ የሠራበት ሳይከፈለው ቀረ። አጎቱንና አንድ ቄስ ላከ። ዛሬ ነገ ስንላቸው ሰባተኛ ወር ገባ። ሲከስ "በይርጋ ታግዷል" የሚል መቃወሚያ ቀረበና አሸነፍን። መቃወሚያውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ቄሱን "በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ" እያልኩ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ።

ዛሬም ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚሸጥበት ጋ እንገናኛለን። እሱ ቀድሞ ሰላም ይለኛል። እኔ ቀድሜ ብዬው አላውቅም።