ውክልና ልትልኩ ያሰባችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ሰላም ወገኖች፣ እኔ አሜሪካ ከገባሁ ሀያ ዓመት አልፎኛል፣ ለራሴም ለዘመድም ስንት ውክልና እንደላኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ብዙ ሰው "ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ" ብሎ ይተኛል፣ ሙሉ ግን ስሙ ብቻ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 እና 2205 ላይ እንዳለው ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፣ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል ምናምን። ቤት መሸጥ፣ ለብድር ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና መታረቅ ከሆነ ግን እያንዳንዱ በስሙ ተለይቶ መጻፍ አለበት። እኔ ራሴ መጀመሪያ "ማንኛውንም ጉዳይ" ብዬ ጽፌ ወንድሜ ቤቱን ሊሸጥልኝ ሄዶ "መሸጥ የሚል የለውም" ተብሎ ተመለሰ፣ ሌላ እስክልክ ገዢው የት ይጠብቀኛል!

ፍርድ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጓደኛችሁን ወክላችሁ ዳኛ ፊት ይከራከርልኛል ካላችሁ አይሆንም፣ ጠበቃ ካልሆነ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም የመሳሰለ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት። ስለዚህ ውክልናው ላይ "ጠበቃ ወክሎ እንዲከራከርልኝ" የምትለዋን አትርሷት።

መንገዱ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ከፈረማችሁ አጭር ነው። የራቃችሁ ግን ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ትፈርማላችሁ፣ ከዛ የስቴታችሁ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዛ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ)፣ ከዛ ኤምባሲ በየተራ ያረጋግጡታል። አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ (ስሙ ስንቴ ቢቀየርም እኛ ያው ውልና ማስረጃ ነው የምንለው) ይመዘገባል። ስም ላይ ተጠንቀቁ በጣም፣ እዚህ ዜግነት ስንወስድ ስማችንን እናሳጥራለን፣ የቤቱ ካርታ ላይ ያለው ደግሞ ከነአያት ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀትና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ ኮፒውን አብራችሁ ላኩ። ያገባችሁ ከሆነ የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁም ስምምነት አይሸጥም፣ የባልና የሚስትን ውክልና አንድ ላይ ጨርሱት።

የሞግዚትነት ነገር ላይ ነው ሰው የሚደክመው። እዚህ ኮርት የሰጣችሁን የጋርዲያንሺፕ ትእዛዝ ማህተም አስመትታችሁ ብትልኩትም እንደ ውክልና ተመዝግቦ አያልቅም፣ የውጭ አገር ፍርድ ስለሆነ እንዲፈጸም ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ረጅም ነው። ልጆቹ አዲስ አበባ ቤት ወርሰው ከሆነ እዛው ፍርድ ቤት በወኪል አመልክቶ የሞግዚትነት ማስረጃ ማውጣት በኔ እይታ ይሻላል። ሞግዚት ሆናችሁም የልጁን ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ለብቻው ትጠየቃላችሁ፣ ይሄን ቀድማችሁ እወቁ።

ውክልና ስትሽሩ ደግሞ በስልክ ነግራችሁ አትቀመጡ። አንድ የማውቀው ሰውዬ "ከዛሬ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም" ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ያኛው ወረቀቱ እጁ ላይ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራዩን ሲሰበስብ ኖረ። መሻሪያውን በጽሑፍ በዛው መንገድ ላኩና ውክልናው የተመዘገበበት ፋይል ላይ አስገቡት፣ ለተከራዩና ለባንኩም ኮፒ ስጡ፣ ኦርጅናሉን አስመልሱ።