«ቀጥታ በረራ» ሲባል ቀጥታ የሆነው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ «እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለማምጣት ትኬት ስቆርጥ ሻጩ ‹ቀጥታ በረራ ነው› አለኝ። እሷ ግን መሀል ላይ አርፈው ነዳጅ እንደቀዱ ነገረችኝ። ደግሞ ትኬቱ ‹ረቡዕ 00:40› ስለሚል ‹ረቡዕ ሌሊት ነው› ብያት ነበር። ማክሰኞ ማታ ጎረቤት ትኬቱን አይቶ ባይነግራት ኖሮ በረራው ያመልጣት ነበር። እነዚህን ነገሮች ሳያሳስት የሚገልጽ አማርኛ የለንም? ‹አየር መንገድ› እና ‹አየር ማረፊያ›ስ አንድ ናቸው? ‹አውሮፕላን› ነው ‹አይሮፕላን› የሚባለው?» (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ስለ አቪዬሽን አማርኛ ሲነሣ ወቀሳው የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በባዕድ ቃላት ላይ ነው፤ ተርሚናል፣ ጌት፣ ቦርዲንግ ፓስ። እነዚህ ግን ማንንም አያሳስቱም። ቦርዲንግ ፓስ አንድ ወረቀት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ጠያቂያችን ያነሷቸውን ቃላት ልብ ብለው ይዩአቸው፦ ቀጥታ፣ ሌሊት፣ አየር መንገድ። ሁሉም የቤታችን ቃላት ናቸው። ያሳሳቱትም ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ስለተሸከሙ ነው።

ከ«ቀጥታ» እንጀምር። «ቀጥታ ወደ ቤት ሂድ» የተባለ ልጅ ሱቅ ጎራ ብሎ ቢመጣ ይቆጡታል፤ ቃሉ ሳይታጠፉ፣ መሀል ላይ ሳይቆሙ መድረስን ይይዛልና። በአየር ትራንስፖርት ሙያ ዳይሬክት የሚባለው በረራ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ የበረራ ቁጥሩ ያልተለወጠ በረራ ነው። መሀል ላይ ሊያርፍ፣ ነዳጅ ሊቀዳ፣ መንገደኛ ሊያወርድና ሊጭን ይችላል፤ ቁጥሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ስሙ ዳይሬክት ነው። ከመነሻው ተነሥቶ መድረሻው ላይ ብቻ የሚያርፈው ኖንስቶፕ ይባላል። እንግዲህ ሻጩ አልዋሸዎትም። የሙያውን ቃል ወደ አማርኛ ሲያመጣው ግን አማርኛው ከሙያው የበለጠ ቃል ገባልዎ።

እናትዎ ያረፉበት ምክንያት ራሱ ልዩነቱን ያስረዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፉ የሚያገኘው የማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተሩም ግፊት ይደክማል፤ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ በማኮብኮቢያው ላይ ረዘም ላለ ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ማኮብኮቢያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል፣ ሰውና ሻንጣ ላለመተው ሲባል የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ከፊት የሚገጥመው ነፋስም ነዳጅ ይበላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ደብሊን ላይ ነዳጅ እየቀዳ ይጓዝ በነበረባቸው ዓመታት ተመላሹ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይደርስ የነበረው ለዚህ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፣ ከኋላ የሚገፋውም ነፋስ ያግዛል። ሁለቱም ጉዞ «ቀጥታ» ተብሎ ሲሸጥ፣ አንዱ ያርፋል፣ አንዱ አያርፍም።

(«ማኮብኮቢያ» ካልን ዘንድ፦ «አኮበኮበ» ወፍ ለመብረር ሲዘጋጅ የምንለው ነው። ራንዌይን በዚህ ቃል የተረጎመ ሰው ሊመሰገን ይገባል። «መንደርደሪያ»ም ይባላል፣ ስሕተት የለውም፤ ግን ወፏ የለችበትም።)

ለኖንስቶፕ «ያለ ማረፊያ በረራ» ማለት ይበቃል፤ «የማያቋርጥ» የሚለው ግን ማብቂያ የሌለው ያስመስለዋል። ዳይሬክት የሚለውን «ቀጥታ» ከማለት «ባለ አንድ ቁጥር በረራ» ማለት ይሻላል፣ ምንም እንኳ ለጆሮ ባይጥምም። በትኬት ሻጭ ፊት ደግሞ በስም ከመከራከር በግሥ መጠየቅ ይመረጣል፦ መሀል ላይ ያርፋል ወይ? ሲያርፍ ከአውሮፕላኑ እንወርዳለን ወይ? አውሮፕላን እንቀይራለን ወይ? ሻንጣው የሚላከው እስከ የት ነው? አራቱን የመለሰ ሻጭ ምን ብሎ ቢጠራው ግድ የለም። «ትራንዚት» በእኛ ዘንድ መሀል ላይ ለሚያጋጥም ማንኛውም ቆይታ ይውላል፤ በሙያው ግን በዚያው በረራ ለመቀጠል መቆየትና ወደ ሌላ በረራ መዛወር የተለያዩ ናቸው። የሻንጣው ጥያቄ የሚመጣው በሁለተኛው ላይ ነው። ወደ አሜሪካ ገብቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ በአብዛኛው ሻንጣውን በመጀመሪያው መግቢያ ከተማ ራሱ ተቀብሎ፣ በጉምሩክ አልፎ እንደገና ያስረክባል፤ መለያው ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም። ይህን ያልተነገራቸው አዛውንት ሻንጣቸውን ትተው ወደሚቀጥለው ጌት ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በትኬት ላይ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ 00:00 ላይ ነው። በእኛ የዕለት አነጋገር ግን ሌሊቱ ያለፈው ቀን ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። (በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በዓሉ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል፤ ሦስተኛ መለወጫ መሆኑ ነው።) «ረቡዕ ሌሊት» ሲሏቸው እናትዎ የረቡዕ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት መረዳታቸው ትክክለኛ አማርኛ ነው። ትኬቱ የሚለው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሌሊት ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ልዩነት።

ለዚህ መድኃኒቱ እንኳ ከአማርኛ አይጠፋም፦ አጥቢያ። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40» ቢሏቸው ሁለቱም ቀናት ተጠርተዋልና የሚያሳስት ነገር አይቀርም። በዚህ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ድረሺ።» ቤተሰብ የሚያስታውሰው ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት እንጂ የአውሮፕላኑን አይደለም። የሚገርመው፣ አብራሪዎች በየትም አገር ሆነው የሚሠሩበት ዙሉ የሚሉት ሰዓት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በእነሱ ወረቀት ላይ ይኸው በረራ የሚጻፈው 21:40 ተብሎ፣ በማክሰኞ ቀን ነው። እናትዎና ካፒቴኑ ተስማምተዋል።

የትኬት ሰዓት ወደ እኛ ሲመለስ፣ ከ06:00 እስከ 17:59 ባለው ላይ 6 ይቀንሱ፤ ከ18:00 እስከ 23:59 ባለው 18 ይቀንሱ፤ ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው 6 ይደምሩ። 06:20 ላይ ሰዓቱ ዜሮ ቢመጣ 12:20 ማለት ነው። 10:30 እና 22:30 ሁለቱም «አራት ሰዓት ተኩል» ስለሚሆኑ «ከረፋዱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውን ፈጽሞ አይተዉት።

ሳይጠይቁ አንድ ልጨምር። «መነሻ ሰዓት» ሲባል ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ከመሬት የሚነሣበት ይመስለዋል፣ «ተነሣ» ለሁለቱም ይሆናልና። ትኬት ላይ ያለው ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ጌት የሚንቀሳቀስበት ነው። ጌቱ ከዚያ በፊት ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ። በ«መነሻ ሰዓት» ጌት የደረሰ ሰው አልደረሰም።

«አየር መንገድ» ድርጅቱ ነው፤ አውሮፕላን የሚያሠራውና ትኬት የሚሸጠው። «አየር ማረፊያ» ወይም «አውሮፕላን ማረፊያ» ቦታው ነው፤ ብዙዎቻችን ኤርፖርት የምንለው። «ልሸኛት አየር መንገድ ሄድኩ» የሚለው አነጋገር ቦሌ ላይ ብዙም አይጎዳም። የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ስለገባ እዚያ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ናቸው። በሌላ አገር ግን ቅሬታዎን የተሳሳተ ቢሮ ያስገባዎታል፦ ሻንጣ ቢጠፋ ተጠያቂው ያሳፈረዎት አየር መንገድ ነው፣ ማረፊያው አይደለም። ቃል በቃል የአየር መንገድ የሆነው፣ ማለትም አውሮፕላኖች በሰማይ ላይ የሚከተሉት የተወሰነ መስመር፣ ስሙን ስለተነጠቀ «የአየር መስመር» ብለን እንጠራዋለን።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ የሚጎዳ ቃል «ረዳት አብራሪ» ነው። «ረዳት» ለከተማ ሰው የታክሲውን በር ይዞ ሒሳብ የሚሰበስበውን ያስታውሳል። ረዳት አብራሪ ግን ሙሉ ፈቃድ ያለው፣ በተራው አውሮፕላኑን አንሥቶ የሚያሳርፍ ባለሙያ ነው፤ ከዋናው አብራሪ የሚለየው በማዕረግና በመጨረሻ ውሳኔ ነው። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ትከሻው ላይ ሦስት መስመር ያያሉ፣ የካፒቴኑ አራት ነው። «ሁለተኛ አብራሪ» ብንለው አይሻልም?

«አውሮፕላን» ወይስ «አይሮፕላን» ላሉት፦ ሁለቱም ከአውሮፓ የመጣው ያው ቃል ናቸው፤ የፈረንሳይኛውም የጣሊያንኛውም ድምፅ ለዚህ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነውና ቃሉ በአፋችን ውስጥ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በጽሑፍ፣ በማረፊያዎች ስምና በዜና የጸናው «አውሮፕላን» ነው፤ እሱን ይጻፉ። እናትዎ «አይሮፕላን» ቢሉ ግን አያርሟቸው።