የቀረውን በሽተኛ ፈልጉት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «አክስቴ፣ ይሄን ክሬም ልግዛው?» አለችኝ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ነው። በግራ በኩል ፊቷ በብጉርና በጠባሳ የተሞላ ልጅ አለች። በቀኝ በኩል ያችው ልጅ ፊቷ ጥርት ብሎ ትስቃለች። ከሥሩ «በ3 ቀን ብቻ!» ይላል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቆዳዋን አይደለም፤ ብርሃኑን ነው። በግራው ፎቶ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጎን ሲመጣ እያንዳንዷ እብጠት ጥላ ይኖራታል። በቀኙ ግን ብርሃኑ ፊት ለፊት ነው። ልጅቷ ምንም ሳትቀባ ወደ መስኮቱ ዞር ብትል ኖሮ ግማሹ ፈውስ እዚያው ይገኝ ነበር።

የሥራ ልማድ ነው፤ አይለቅም። ከ30 ዓመት በላይ ነርስ ነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ በሽተኞች ጋር። በኋላ ጥናት ላይ ገባሁ። ቁስል በማስመሪያ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ፎርም መሙላት፣ ቀጠሮ ሲደርስ መደወል። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከእናንተ መካከል ነርስነት፣ ሕክምና ወይም ፋርማሲ የምትማሩ አላችሁ፤ ነገ የጥናት ቡድን ውስጥ የምትገቡም አትጠፉም። ስለዚህ ይህችን ልጽፍላችሁ አሰብኩ።

ቆዳ ውጭ ስላለ ሁሉም ያየዋል። ሁሉም ስለሚያየው ሁሉም ያወቀው ይመስለዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል ተመልከቱ። ደጋ ላይ፣ ገደላ ገደል ባለበት፣ ሽኮኮ በሚኖርበት አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ተውሳኩ የአገራችንን ስም ይዟል፤ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል። ብዙው ቁስል ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳውን ጥሎ በራሱ ይድናል። እንግዲህ አንድ ሰው በ10ኛው ወር ቅጠል ለጠፈበት፣ በ12ኛው ወር ዳነ እንበል። ያዳነው ቅጠሉ ነው ወይስ ጊዜው? እኔ መርፌ ብወጋውስ ኖሮ? ጥያቄው ያው ነው። ነጭ ጋዋን መልበሳችን ከጥያቄው አያወጣንም። ደግሞ ሁሉም እንዲህ አይደለም። በመላ ሰውነት የሚሰራጨው ዓይነት በራሱ አይድንም፤ ሕክምናም ያስቸግራል። ሁለቱን ቀላቅሎ «መድኃኒቴ ይህን ያህል ሰው አዳነ» የሚል ሰው ምንም አልነገረኝም።

ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ያለበት ቅባት ደግሞ ሌላው አታላይ ነው። ጭርት ላይ ቀቡት፤ በቀናት ውስጥ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ መቅላቱም ይደበዝዛል። ፈንገሱ ግን ከሥር እየተንሰራፋ ነው። በ3ኛው ቀን ፎቶ የሚያነሳ ሞልቷል። በ6ኛው ሳምንት ግን ማንም አያነሳም። ለእህቴ ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው። ክሬሙን ገዛችው መሰለኝ፤ እንጃ፣ ወጣት ምን ይሰማል።

ለዚህ ነው ማነጻጸሪያ፣ ማለትም ሌላ ሕክምና የሚያገኝ ቡድን፣ የሚያስፈልገው። በፊጂ ደሴቶች በእከክ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። 2,051 ሰዎች በሦስት ቡድን ገቡ። በአንደኛው እንደተለመደው ለታመሙትና አብረዋቸው ለሚኖሩት ብቻ የፐርሜትሪን ቅባት ተሰጠ። በሁለተኛው ቅባቱ ለሁሉም ሰው ታደለ። በሦስተኛው ለሁሉም አይቨርሜክቲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠ። ከዓመት በኋላ በሦስተኛው ቡድን እከክ ከ32.1 በመቶ ወደ 1.9 ወረደ። ይህን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው። በተለመደው ሕክምና የቆየው ቡድንም ከ36.6 ወደ 18.8 ወርዷል። አስቡት፤ አንድ ሰው ይህን ቡድን ብቻ ይዞ «እከክን በግማሽ ቀነስኩ» ቢል እናጨበጭብለት ነበር። የተሻለ መንገድ እንዳለም አናውቅም ነበር።

በእንዲህ ያለ ጥናት ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚገባ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ይህን ለገበሬ እንዴት ታስረዱታላችሁ? አንድ ወጣት ሐኪም «ራንደማይዜሽን» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ሰምቻለሁ። ሽማግሌው በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ «ልጄ፣ ምንድነው ያለው?» አሉኝ። «አባባ፣ ዕቁብ ነው» አልኳቸው። «ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው።» ሳቁና ገባቸው። ማሳሰቢያ፦ ይህ ምሳሌ የሚሠራው ሁሉም በመጨረሻ የሚያገኝበት ጥናት ላይ ብቻ ነው። ማስመሰያ መድኃኒት፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ ፈዋሽ ነገር የሌለበት፣ ባለበት ጥናት ዕቁብ ነው ብትሉ ዋሻችሁ።

የምሥራቅ ጎጃሙ የዝሆኔ ጥናት ግን በእርግጥም ዕቁብ ይመስላል። ይህ ዝሆኔ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ነው፤ ትንኝ የለበትም። 696 ሕሙማን ገቡ። ግማሾቹ ወዲያው እንክብካቤውን ጀመሩ። እግር በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። ግማሾቹ ከዓመት በኋላ አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። እግሩ እየጋለ፣ እያበጠና እያተኮሰ የሚጥለው ሕመም እንክብካቤ ያገኘውን ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ያላገኘውን 23.9 ጊዜ ያዘው።

«ይቺ ብቻ?» ያለኝ የሥራ ባልደረባ ነበር። አዎ፣ ይቺ ብቻ። ግን ሕመሙ ሲነሳ ሰውዬው ይተኛል። አያርስም፣ አያጭድም፣ ገበያ አይወጣም። በዓመት አራት ጊዜ ተኩል አለመውደቅ ምን ማለት እንደሆነ እግሩ ያበጠውን ሰው ጠይቁት እንጂ እኔን አትጠይቁ። ለዚያውም በሳሙና፣ በፋሻና በጫማ! ተአምር ያልሆነ ውጤት ሲመጣላችሁ አትፈሩት፤ እንዳለ ጻፉት።

ስለ ፈቃድ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው የምርምር ተቋም የአርማወር ሀንሰንን ስም ይዟል። ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ከሥጋ ደዌ የተወሰደ ናሙና ፈቃዷን ሳይጠይቅ በአንዲት ታማሚ ዓይን ውስጥ ማስገባቱን ነው። ተከሰሰ። በ1880 ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነሳ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ያደረገው ግን ያ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ።

የአውራ ጣት አሻራ ፈቃድ አይደለም። በወላይታ የዝሆኔን የዘር ተጋላጭነት ሊያጠኑ የተነሱ ተመራማሪዎች ይህን ተረድተውት ነበር። «በዘራቸው አለ» እየተባሉ ትዳር የሚከለከሉ ቤተሰቦች ዘንድ ሄዶ «ዘራችሁን ላጥና» ማለት ምን ያስከትላል? ስለዚህ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡን ቁጭ ብለው ጠየቁ፤ እንዴት እንናገር፣ ማንን እናማክር ብለው። እናንተም ፎርሙን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ገባዎት?» አትበሉ። ሁሉም «አዎ» ነው የሚላችሁ። «እስቲ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» በሉ። እዚያ ላይ ያልገባው ሁሉ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ቆዳን እያቀላ የሚያቀርፈው የሶራያሲስ በሽታ ክብደት ሲለካ ከሚጠየቀው አንዱ መቅላት ነው፤ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡኒ መስሎ ይመጣል። «አልቀላም» ብላችሁ 0 ከመጻፋችሁ በፊት በእጃችሁ ዳሱት፤ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር አስተያዩት።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በቁንጭር በሽተኞች ላይ አነስተኛ ክትትል እናደርግ ነበር። ቁስሉ ላይ መርፌ እንወጋለን፣ ከዚያ በቀጠሮ እናያለን። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር፤ «ድኗል» እና «አልዳነም»። አራት ሰዎች ከቀጠሯቸው ቀሩ። አለቃዬን ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኩ። «ድነው ነዋ የቀሩት፤ ቢያማቸው ይመጡ ነበር» አለኝ። እውነት መሰለኝ። አራቱንም «ድኗል» ላይ ምልክት አደረግኩ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ጌሾ የምትሸጥ ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ አየሁ። አወቅኳት፤ ከአራቱ አንዷ ናት። ነጠላውን ዝቅ አደረገችልኝ። ጉንጯ ላይ የነበረው ቁስል አፍንጫዋን ይዟል።

«ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«ሲስተር፣ መርፌው አመመኝ። ለመኪናም ገንዘብ አለቀብኝ። ደግሞ ጠበል ጀምሬ ነበር፤ ትቆጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ጠበል ሄዳ እንደሆነ የጠየቅናት በቁጣ ስለነበር ነው። እኔ ራሴ ነበርኩ የጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ ጠበልን ልክ እንደ ማንኛውም ሕክምና እጠይቃለሁ፤ መቼ ጀመሩ፣ ስንት ቀን፣ አሁንም አለ? ብዬ እጽፋለሁ። ስልክ ስመዘግብም የራሳቸውን ብቻ አልወስድም። የጎረቤት፣ የልጅ፣ ገበያ የሚውሉበትን ቀን፣ የሚሳለሙትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሁሉ እይዛለሁ። ስልክ ይጠፋል፤ ቅዳሜ ገበያ አይጠፋም።

ሰኞ ዕለት መጣች። ሕክምናዋን እንደገና ጀመረች። እኔ መዝገቡን አወጣሁ። በጥናት ፎርም ላይ ስሕተት በፍሉድ አይጠፋም። የቀድሞው እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይደረጋል። እስክሪብቶዬን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል» አለኝ።

የእሷን መስመር አሰመርኩና ፈረምኩ። የቀሩትን ሦስቱን ለመፈለግ ሁለት ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አላገኘኋቸውም። አሁንም መዝገቡ ላይ «ድኗል» ይላሉ።