ፖሊሱን ማን ይጠይቀው? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ጥብቅና እሠራለሁ። ቀደም ሲል ለወረዳ ተመራጮች ስለ ክትትልና ቁጥጥር ሥልጠና እሰጥ ነበር። ሰሞኑን የፖሊስና የፍትሕ ሥልጣን ከማዕከል ወደ ታች ሲወርድ ምክር ቤት ምን ድርሻ አለው የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ። ፍርድ ቤት ስላለ መዝገብ ግን እዚህ አላወራም፣ አትቀየሙኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የሰሜን አየርላንድን ነገር ደጋግመህ ታነሳለህ። እዚያ ኮሚቴው ምን ሠራ? በአጭሩ።

በአጭሩ ካልሆነልኝ ታገሰኝ። ሰሜን አየርላንድ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ያለች ናት፤ ከ1921 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ ፖሊሱም በእሱ ሥር ነበር። ፖሊሱ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለነበር ካቶሊኩ አያምነውም። በ1972 ግጭቱ ሲከፋ ለንደን ሥልጣኑን ጠቅልላ ወሰደች። በ1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ግብርናው ወደ ዋና ከተማዋ ቤልፋስት ተመለሰ። ፖሊስና ፍትሕ ግን ለንደን ቀሩ። የተመለሱት ኤፕሪል 12 ቀን 2010 ነው። ከስምምነቱ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በመሀል ጉዳዩ ለምክር ቤቱ አንድ ኮሚቴ ተሰጠ። ሥራው የምክር ቤቱንና የካቢኔውን አሠራር መገምገም ነበር። ኮሚቴው ያነሳቸው ጥያቄዎች ደረቅ ይመስላሉ። የትኛው ሥልጣን ይምጣ? የትኛው ለንደን ይቅር? ሚኒስትሩ እንዴት ይሾም? ገንዘቡስ? በ2008 ሪፖርት ሲያቀርብ መቼ በሚለው ላይ አባላቱ አልተስማሙም ነበር። አለመስማማታቸውንም ሳይሸፋፍኑ ጻፉት። ይሄን እወድላቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ቢሆን «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ያልፍ ነበር።

ከዚያ ገንዘቡ ላይ ተጣበቁ። ፖሊሱን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ማረሚያ ቤቱን እየጠሩ ምን ያህል ይጎድላችኋል አሉ። ሥልጣን መጥቶ በጀት ካልመጣ ወቀሳው ለተቀባዩ፣ ብሩ ለሰጪው መሆኑ ገብቷቸዋል። በ2009 መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ 800 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ድጋፍ አቀረበ። በፌብሩዋሪ 2010 የፖለቲካ ስምምነት ተደረሰ። ማርች 9 ቀን ምክር ቤቱ 88 ለ17 አጸደቀው።

ከዚያው ከኮምቦልቻ፦ ሚኒስትሩስ ከማን ወገን ሆነ?

ከሁለቱ ትልልቅ ወገኖች ከአንዳቸውም አይደለም። ዴቪድ ፎርድ የሚባል የአሊያንስ ፓርቲ ሰው ነው። ትልልቆቹ እርስ በርስ ስላልተማመኑ ሁለቱም ሊውጡት የሚችሉትን ሰው መረጡ።

ከሐይቅ፦ አሰላሙ አለይኩም። እኛ ዘንድ የክልል ፖሊስ ካለ ሥልጣኑ ወርዷል ማለት አይደል? ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ወአለይኩሙ ሰላም። ልክ ነህ፣ በወረቀት ወርዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አደራጅተው እንዲመሩና የክልላቸውን ሰላም እንዲያስጠብቁ ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 51 ደግሞ መከላከያንና ፌደራል ፖሊስን ለፌደራል መንግሥት ይሰጣል። የፍርድ ቤቱም ሥልጣን ተከፍሏል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥራ በተጨማሪ የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃውን። ለዚህ የፌደራሉ ፓርላማ የማካካሻ በጀት መመደብ አለበት፣ አንቀጽ 79 ላይ ተጽፏል። ይሄን ስነግራቸው የሚገረሙ ተመራጮች አጋጥመውኛል።

ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እዚያ ኮሚቴው መጀመሪያ ጠየቀ፣ ሥልጣኑ ኋላ መጣ። እኛ ዘንድ ሥልጣኑ በአንድ ሰነድ ተሰጠ፣ የሚጠይቀው አካል ደግሞ እስካሁን በእግሩ አልቆመም።

ከኩታበር፦ የወረዳችን ፖሊስ ላይ ቅሬታ ስናቀርብ «ዞን ሂዱ» ይሉናል። ዞን ስንሄድ ደግሞ የሚሰማን ምክር ቤት የለም። ይሄ እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የማያየውን ጉድጓድ አገኘሽው፣ እህቴ። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ዞኖች የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። ዞኑ የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው፣ አስተዳዳሪው ይሾማል እንጂ አይመረጥም። ምክር ቤት ያለው ከላይ ባሕር ዳር ነው፣ ከታች ደግሞ ወረዳ፣ ከተማና ቀበሌ ላይ። ዞን ላይ ግን የፖሊስ መምሪያ አለ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ። ከባድ የሚባለው መዝገብ የሚንቀሳቀሰውም እዚያ ነው።

ስለዚህ የዞኑ መምሪያ ኃላፊ ሪፖርት የሚያቀርበው ወደ ላይ ብቻ ነው። ደሴ ላይ ተቀምጦ ለደሴ ሕዝብ ተመራጭ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የክልሉ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ መጥቶ ካላየው በቀር። ከባሕር ዳር ወልድያና ደሴ ድረስ የሚመጣ የመስክ ምልከታ ቡድን ደግሞ ስንት ጣቢያ ገብቶ ስንት ታሳሪ እንደሚያነጋግር አስቢው። ምሳ በልቶ፣ የተዘጋጀለትን ሪፖርት አዳምጦ፣ «አበረታች ነው» ብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

የወረዳው ፖሊስ ለወረዳው አስተዳደርም ለበላይ ፖሊስም ይጠየቃል። ሁለት አለቃ ያለው ሰው ለሁለቱም ማምለጫ አያጣም። «ዞን ሂዱ» የሚሉሽ ለዚህ ነው። አትሂጂ። ጣቢያው በወረዳሽ ውስጥ እስካለ ድረስ የወረዳው ምክር ቤት መጠየቅ ይችላል።

ከከሚሴ፦ እኛስ? ምክር ቤት አለን እኮ።

አላችሁ። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር እንደ ዋግ ኽምራና እንደ አዊ የራሱ ምክር ቤት አለው። በዚህ ከጎረቤቶቻችሁ ትሻላላችሁ። ፖሊሱ ግን የክልሉ ፖሊስ አካል ነው፤ ሹመቱና ዝውውሩ ከላይ ይመጣል። ምክር ቤታችሁ ስለ ቋንቋና ስለ አገልግሎት አጥብቆ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ስለ ማረፊያ ቤት አያያዝ ግን እምብዛም።

ከባቲ፦ ሰኞ ገበያ ላይ ከብት የሰረቀ ሰው አፋር ክልል ገባ። የእኛ ፖሊስ ድንበር ላይ ቆመ። ማን ነው ኃላፊው?

የክልል ፖሊስ ሥልጣን በክልሉ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መያዝ በሁለቱ ፖሊሶች ትብብር ወይም በፌደራሉ ነው የሚሆነው። ወንጀሉ በሁለት ክልሎች ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ከወደቀ የፌደራል ጉዳይ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ሲወሰን አፋር አንዱ ነበር፣ አማራ አልነበረበትም። እናም አንዱ ጉዳይ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የተለያየ በር ያንኳኳል። ባቲ ላይ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ የሚደርሰው በከንቱ አይደለም።

ከመርሳ፦ ሽማግሌ ካልክ፣ አስታራቂዎቻችን አበጋሮቹ እያሉን ለምን ኮሚቴ እንለምናለን?

አበጋሮች ደም አድርቀዋል፣ ከአፋር ጋር ሰላም አውርደዋል፤ ማንም አይክድም። ሕገ መንግሥቱ ግን ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በሩን የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። ጣቢያ ውስጥ የተደበደበ ልጅ ጉዳይ በዱዓ ብቻ አይዘጋም። ሁለቱን አታወዳድር። ሽማግሌ በሰውና በሰው መካከል ነው የሚገባው፤ ኮሚቴው በሰውና በመንግሥት መካከል።

አንድ የወረዳ ተመራጭ፦ ፖሊስ አዛዡን ጠርቼ ስለ አንድ ታሳሪ ልጠይቀው እችላለሁ? ባለፈው ብጠይቅ «ጣልቃ ገባህ» ተባልኩ።

እርስዎ ምን ብለው እንደጠየቁ አላውቅም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«እከሌን ለምን አልፈታችሁም?» ካሉ እውነትም ጣልቃ ገብተዋል። ማን ይታሰር፣ ማን በዋስ ይውጣ የሚለው የፍርድ ቤት ነው። የምርመራው አካሄድ ደግሞ የመርማሪና የዐቃቤ ሕግ ነው። ዛሬ ለአክስትዎ ልጅ የጠየቁት ነገ ሌላው ተመራጭ ለወዳጁ ይጠይቃል፤ ከዚያ ጣቢያው የምክር ቤቱ ጓዳ ሆነ ማለት ነው። ሰሜን አየርላንድም ይህን አጥብቀው ለይተዋል። የፖሊሱ አዛዥ በአንድ ጉዳይ ላይ ማንን እንደሚይዝ ሚኒስትሩ አያዘውም። ፖሊሱን በአጠቃላይ የሚጠይቅ 19 አባላት ያሉት ቦርድ አለ፤ 10ሩ ፖለቲከኞች፣ 9ኙ ነጻ ሰዎች። የግለሰብ አቤቱታ ደግሞ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ወደ ፖሊስ እንባ ጠባቂ ይሄዳል።

እርስዎ ግን እንዲህ ቢሉስ? «ባለፈው ሩብ ዓመት ስንት ሰው ተያዘ? ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ? ያልቀረበው ለምን? የማረፊያ ቤቱን መዝገብ አሳዩኝ።» አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱን ጊዜ ሳይጨምር። ይሄን መጠየቅ ጣልቃ ገብነት አይደለም፣ ሥራዎ ነው። በቃል አይጠይቁ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። በኮሚቴው ስም ይጠይቁ። መልሱን ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍሩ። የዚያ ታሳሪ ስም መዝገቡ ውስጥ ካለ ሳይጠሩትም ይወጣል።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው ወንድሜ። ተመራጩም፣ ኃላፊውም፣ ኮሚቴውም የአንድ ፓርቲ ሰው ነው። ማን ማንን ይጠይቃል?

አብሽር፣ አልተቆጣሁም። ትልቁን ነገር ነው ያነሳኸው። የቤልፋስቱ ኮሚቴ ጥርስ ያገኘው ከደንቡ አይደለም። የማይተማመኑ ፓርቲዎች በአንድ ጠረጴዛ ስለተቀመጡ ነው። አንዱ ሲያልፈው ሌላው ይይዘዋል። እኛ ዘንድ ያ የለም፣ ላስመስልህ አልፈልግም። ግን የአንድ ፓርቲ ሰዎችም ቢሆኑ በሕዝብ ፊት፣ በቁጥር፣ በጽሑፍ ሲጠየቁ መልሳቸው ይለያል። አይቼዋለሁ። ዝግ ስብሰባ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ያለ ኃላፊ መዝገብ ይምጣ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል።

ከወልድያ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜስ ኮሚቴው ምን ይሆናል?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የተራዘመውን ጨምሮ እስከ 2016 ግንቦት መጨረሻ ድረስ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጥያቄህ ይገባኛል። በዚያ ጊዜ ቁጥጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል። አንቀጽ 93 የተወካዮች ምክር ቤት ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲያቋቁም ያዛል። ቦርዱ የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ለወረዳ ምክር ቤት ኮሚቴ አንቀጹ ውስጥ ቦታ የለውም። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአዋጅም አይታገድም።

ከወረኢሉ፦ ልዩ ኃይሉ ፈርሷል። አሁን ክልሉ ምን ቀረው?

መደበኛው ፖሊስና ሚሊሻው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ውሳኔው ሲነገር አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌደራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ ይገባሉ ነበር የተባለው። ልዩ ኃይል የሚል ስም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ መጀመሪያውንም አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ ሚሊሻው ነው። መሣሪያ ይዟል፣ ቀበሌ ያዘዋል፣ ስለ እሱ ዝርዝር ሪፖርት የጠየቀ ኮሚቴ ግን አላየሁም።

ከአምባሰል፦ ወንድሜ ከተያዘ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ቅድሚያ ምን ላድርግ?

ምክር ቤቱን ተወውና መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሂድ። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ፤ ታሳሪው ቀርቦ የተያዘበት ምክንያት እንዲነገር ዳኛው ያዛል። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለህ ለሬጅስትራሩ ንገረው፣ ማመልከቻውን በእጅህም ጻፈው። የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ጣቢያ አስገባ። ከዚያ የዚያኑ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት አድርስ። ማኅተምና ቁጥር ሳታስደርግበት እንዳትወጣ። «ዋናውን ትተህ ሂድ» ካሉህ ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ፣ አንዱ ላይ ይፈርሙልህ።