ድረ ገጽ ለከፈታችሁ ወጣቶች፦ መጀመሪያ የተዘጋውን በር ፈልጉ

ልጆቼ፣

ድረ ገጽ ከፍታችሁ ሳምንታት ካለፉ በኋላ «ጎግል ላይ ብፈልገው አይወጣም» ብላችሁ የምትጨነቁ ብዙ ናችሁ። ጭንቀቱ ሲበረታ ደግሞ መድኃኒት ይዤ መጣሁ ያለውን ሁሉ ታምናላችሁ። አንዱ ቁልፍ ቃል አብዙ ይላችኋል፤ ሌላው በመቶ የሚቆጠር ሊንክ ልሽጥላችሁ ይላል፤ ሦስተኛው ድረ ገጹ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ ይላል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ገጻችሁ የት ጋ እንደቆመ ሳታውቁ አንዲት ፊደል አትንኩ።

የፍለጋ ሞተር ሦስት ሥራ አለው፤ እንደ ሦስት በር ቁጠሯቸው። በመጀመሪያ ሮቦት የሚባለው ፕሮግራሙ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየሄደ ገጾችን ይጎበኛል። ቀጥሎ ያነበበውን መርምሮ ኢንዴክስ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ያስገባዋል ወይም ይተወዋል። በመጨረሻም ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ መርጦ በቅደም ተከተል ያሳያል። ገጹ ካልተነበበ ይዘቱ አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ ስለ ደረጃ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ሰው ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ የሦስተኛውን ቁልፍ ይገዛል።

የትኛው በር እንደተዘጋ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን፣ ገጻችሁ በፍለጋው ውስጥ የት እንደደረሰ የሚያሳይ መሣሪያ በነፃ ይሰጣል፤ ቢንግም የራሱ ተመሳሳይ መሣሪያ አለው። ሰርች ኮንሶል ውስጥ የዶሜይኑ (የድረ ገጻችሁ ስም) ባለቤት መሆናችሁን ስታረጋግጡ፣ የሚሰጣችሁን ኮድ በዶሜይናችሁ የዲኤንኤስ መዝገብ (ስሙን ከድረ ገጹ መገኛ ጋር የሚያገናኘው) ላይ የማስገባቱን መንገድ ምረጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ ኤችቲቲፒም ሆነ ኤችቲቲፒኤስ፣ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለውም የሌለውም አድራሻ በአንድ ላይ ይጠቃለላል። ከዚያ የአንዱን ገጽ አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ አስገቡና መልሱን በጥሞና አንብቡ።

መልሱ «አድራሻውን አውቄዋለሁ፣ ግን ገና አልጎበኘሁትም» የሚል ከሆነ፣ ሮቦቱ ጉብኝቱን ለሌላ ጊዜ አሳድሮታል ማለት ነው። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ቀርፋፋ ወይም የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሌሎች ገጾቻችሁ ወደዚህኛው የሚያመራ ሊንክ ስለሌለ ሮቦቱ ለገጹ ክብደት አልሰጠውም። «ጎብኝቼዋለሁ፣ ግን አልመዘገብኩትም» ካለ ግን በሽታው ሌላ ነው። ተነብቦ አይጠቅምም ተብሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዘቱ ስስ ነው ወይም ከሌላ ገጽ ጋር ይመሳሰላል። ይህኛውን ሰርቨር በመቀየር አታድኑትም። እንደገና እንዲጎበኝልኝ ብሎ በየቀኑ ማመልከትም ለውጥ አያመጣም፤ ጽሑፉ ራሱ መሻሻል አለበት።

ሦስተኛው መልስ፣ «እንዳልገባ ወይም እንዳልመዘግብ ተከልክያለሁ» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያስደነግጣል፤ በሩን የዘጋው ራሱ ነውና። ድረ ገጽ መሥሪያው ወርድፕሬስ በሴቲንግስ ሥር፣ ሪዲንግ በሚለው ክፍል፣ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትከለክል አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለችው። ድረ ገጹ ሲሠራ ባለሙያው ምልክት ያደርግባታል፤ ሥራው ሲያልቅ ማንሳቱን ይረሳል። ሌላው ሮቦቶች የት እንዳይገቡ የሚነግረው ሮቦትስ (robots.txt) የተባለው ፋይል ነው። ዲስአላው ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስላሽ ብቻዋን ከቆመች መላው ድረ ገጽ ለሮቦቶች ተዘግቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ልምድ ያላቸውም የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። የሮቦትስ ፋይል የሚከለክለው ጉብኝትን ነው፤ ምዝገባን አይደለም። ኖኢንዴክስ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ምዝገባን ይከለክላል፤ ነገር ግን የተጻፈው በገጹ ኮድ ወይም በሰርቨሩ ምላሽ ላይ ስለሆነ ሮቦቱ ገብቶ ካላነበበው አያውቀውም። ስለዚህ አንድን ገጽ ከፍለጋ ውጤት ለማውጣት ብላችሁ ሁለቱንም በአንድ ላይ ብታደርጉ፣ ሮቦቱ በር ላይ ተከልክሎ ይመለሳል፣ ኖኢንዴክሱን አያይም፤ ከሌላ ቦታ ሊንክ ካገኘም አድራሻውን ብቻ ይዞ ሊመዘግበው ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በሩን ክፍት አድርጎ ኖኢንዴክስ መጻፍ ነው። ሚስጥራዊ ሰነድ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም አትመኑ፤ በይለፍ ቃል ቆልፉት። የሮቦትስ ፋይልን ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው ስለሚችል፣ ልትደብቁት የፈለጋችሁትን አድራሻ እዚያ መጻፍ ቦታውን መጠቆም ነው።

በሩ ክፍት መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ሮቦቱ ምን እንደሚያይ እዩ። ሰርች ኮንሶል ገጹን በቀጥታ ፈትሾ የሚያነበውን ኮድና የገጹን ምስል ያሳያችኋል። ሰው ቁልፍ ካልተጫነ በቀር የማይመጣ ጽሑፍ ካለ ሮቦቱ አያገኘውም፤ ሮቦቱ ቁልፍ አይጫንም። ጎግል የሚመዘግበው በስልክ የሚታየውን ቅጂ መሆኑንም አትርሱ። ይህ አሠራር በ2016 ይፋ ሆኖ በ2023 ተጠናቀቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኮምፒውተር ላይ የሚታይ አንቀጽ ለስልክ ሲባል ከተቆረጠ፣ ለጎግል የለም ማለት ነው።

ሳይትማፕ፣ ማለትም የገጾቻችሁን አድራሻ የሚዘረዝር ፋይል፣ አዘጋጁ፤ አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ወይም ሳይጨመቅ እስከ 50 ሜጋባይት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይከፋፈላል። እንዲመዘገቡ የማትፈልጓቸውን አድራሻዎች ግን አትጨምሩበት። ከሳይትማፕ በላይ እኔ የማምነው በገጾቻችሁ መካከል ባለው ሊንክ ነው። ሳይትማፕ ጥቆማ ነው፤ ሊንክ ግን መንገድም ምስክርነትም ነው። አስፈላጊ የምትሉት ገጽ ከመነሻ ገጹ በጥቂት ጠቅታ የሚደረስበት ይሁን። ሊንኩ የተቀመጠበት ቃልም ስለሚሄድበት ገጽ ይናገር፤ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ለአንባቢም ለሮቦትም ምንም አይነግርም። አዲስ ጽሑፍ ባወጣችሁ ቁጥር ቀድሞ የተጻፉ ሁለት ሦስት ተዛማጅ ገጾችን ክፈቱና ወደ አዲሱ የሚወስድ ሊንክ አስገቡባቸው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ሁሉም ይዘለዋል።

ስለ ርእስ አጭር እሆናለሁ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ የሆነ ታይትል (በፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው ርእስ) ይኑረው፤ ዋናው ቃል ወደ መጀመሪያው ይምጣ፤ ረጅም ከሆነ በስልክ ስክሪን ላይ ይቆረጣል። ታይትሉ ገጹ ላይ ካለው ነገር ጋር ካልተስማማ ጎግል በራሱ ቃል ይቀይረዋል። ሜታ ዲስክሪፕሽን፣ ማለትም ከርእሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ፣ ደረጃ አይጨምርም፤ ሰው እንዲጫን ግን ያግባባል። ቁልፍ ቃላት በኮዱ ላይ የሚዘረዘሩበትን፣ ኪዎርድስ የሚባለውን ሜታ ታግ ግን ተዉት፤ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው በ2009 ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ይህንኑ ሞልተው የሚያስከፍሉ አሉ።

የይዘቱ ጉዳይ ሰፊ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ልትታዩበት የምትፈልጉትን ጥያቄ ራሳችሁ ፈልጉና የመጀመሪያውን ገጽ ውጤቶች አጥኑ። የሚወጡት ሁሉ ዕቃ የሚሸጡ ገጾች ከሆኑ፣ ረጅም ማብራሪያ ጽፋችሁ አትገቡም። ሁሉም ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩ ከሆኑ ደግሞ የምርት ገጻችሁ እዚያ ቦታ የለውም። ጠያቂው ምን እንደሚፈልግ ውጤቱ ራሱ ይነግራችኋል። ከዚያ እነሱ ያልመለሱትን ፈልጉ፦ የጎደለ ልኬት፣ ያልታየ ፎቶ፣ ያልተነገረ ስህተት። ያሉትን አዟዙሮ መጻፍ አሥራ አንደኛ ቅጂ መጨመር ነው።

ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ ይበቃል። ቃሉን በትንሹ እየለወጡ አምስት ገጽ መክፈት ጥንካሬን መከፋፈል ነው፤ ሮቦቱም የትኛውን እንደሚያሳይ ሲቀያይር ታያላችሁ። እንዲህ ካጋጠማችሁ ከአምስቱ ምርጡን አበልጽጉ፣ ሌሎቹን በ301፣ ማለትም አድራሻው ለዘለቄታው ተዛውሯል በሚለው የሰርቨር መልእክት፣ ወደ እሱ አዙሩ። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ በሺህ የሚቆጠር ገጽ የማምረት ፈተናም ይመጣባችኋል። ጎግል በመጋቢት 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ደንብ፣ አንባቢን ለመርዳት ሳይሆን ደረጃን ለማዛባት ተብሎ በጅምላ የተመረተ ይዘት፣ በሰውም ይሠራ በማሽን፣ ጥሰት ነው። መሣሪያውን ተጠቀሙበት፤ ግን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የሚያውቀው ሰው ሳያነበው አይውጣ።

በአማርኛ ለምትጽፉ አንድ ልዩ ነገር አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ስራ» ይላል፤ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ይጽፋል። የፍለጋ ሞተሩ ሁሉንም እንደ አንድ ቃል እንደሚያይ እርግጠኛ አትሁኑ። በሰርች ኮንሶል የትኛው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ እንደሚፈለግ አይታችሁ በታይትሉ ላይ እሱን ተጠቀሙ፤ ሌላውንም አጻጻፍ ዐረፍተ ነገር ሳታበላሹ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቡት። በአድራሻ ላይ ፊደላችን ይሠራል፤ ነገር ግን አድራሻው ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሰው ለመላክ ያስቸግረዋል። ማስታወቂያችሁን በፎቶ ላይ ብቻ ጽፋችሁ አትለጥፉ፤ ያንኑ በጽሑፍ ድገሙት፤ ለፎቶውም ምን እንደሚያሳይ የሚገልጽ አልት ጽሑፍ ስጡት።

ፍጥነትን በተመለከተ ጎግል ሦስት መለኪያ አለው። የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፤ ሰው ሲጫን ምላሹ ከ200 ሚሊሰከንድ አይብለጥ፤ ገጹ ሲከፈት ይዘቱ ከቦታው የሚንሸራተትበት መለኪያ ከ0.1 አይለፍ። ይህም ከጉብኝቶቹ ቢያንስ በ75 በመቶው ላይ መሟላት አለበት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፎቶ ነው። ከስልክ የወጣ ብዙ ሜጋባይት ያለውን ምስል እንዳለ አትጫኑ፤ በሚታይበት ስፋት ልክ አሳንሱና ዌብፒ በተባለው ቀለል ያለ የምስል ፋይል ዓይነት አስቀምጡት። ወርዱንና ቁመቱን በኮዱ ላይ ጻፉ፤ አለዚያ ምስሉ ሲደርስ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል። ምስሉን አንባቢው ሲቃረበው ብቻ የሚያመጣው ሌዚ ሎዲንግ ጥሩ ነው፤ ከላይ ላለው የመጀመሪያ ምስል ግን አታድርጉት፤ ቀድሞ መታየት ያለበትን ነገር ያዘገየዋል። ይሁንና የፍጥነት መፈተሻዎች የሚሰጡትን ነጥብ 100 ለማድረስ ወር አታባክኑ። ለጥያቄው መልስ የማይሰጥ ፈጣን ገጽ መልስ ያለውን ቀርፋፋ አያሸንፍም።

ሊንክ አትግዙ። ፔንግዊን የተባለው የጎግል ማስተካከያ በ2012 የመጣው ይህንኑ ለመቅጣት ነው፤ ከ2016 ጀምሮም የዋናው አሠራር አካል ሆኗል። ዛሬ ብዙውን የተገዛ ሊንክ ከመቅጣት ይልቅ ከቁጥር አያስገባውም፤ ገንዘባችሁ በዝምታ ይቀራል ማለት ነው። ማስታወቂያ ከፍላችሁ የምታወጡ ከሆነ ሊንኩ በኮዱ ላይ ስፖንሰርድ (የተከፈለበት) ወይም ኖፎሎው (አትከተሉት) የሚል ምልክት ይያዝ። ስለ እናንተ ሊጽፍ የሚችል ሰው የሚጠቅሰው ነገር ስጡት፦ ራሳችሁ የለካችሁት ሠንጠረዥ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ማስያ፣ በጥንቃቄ የተሰበሰበ ዝርዝር።

አድራሻ ስትቀይሩ ብዙ ዓመት የተገነባ ነገር በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ስለሚችል እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከመቀየራችሁ በፊት የድሮውን አድራሻ በአንድ ዓምድ፣ የአዲሱን አቻ በሌላ ዓምድ ጻፉ። እያንዳንዱን በ301 አዙሩ፤ 302 ጊዜያዊ ለውጥ ነው የሚል መልእክት አለው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መላክ አይሆንም፤ አቻ የሌለው ገጽ 404 (ገጹ አልተገኘም) ቢመልስ ይሻላል። የማዞሪያው ትእዛዝ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። ድረ ገጹን ለጥገና ለአጭር ጊዜ ስትዘጉ ሰርቨሩ 503 (ለጊዜው አገልግሎት የለም) ይመልስ፤ ያኔ ሮቦቱ ቆይቶ ይመለሳል።

ባለሙያ ከቀጠራችሁ አንደኛ ደረጃ አረጋግጣለሁ የሚለውን አሰናብቱ፤ ይህን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ይናገራል። በሰርች ኮንሶል ላይ ባለቤትነቱ በእናንተ ስም ይሁን፤ ለእሱ የተጠቃሚ ፈቃድ ብቻ ስጡት። ዶሜይኑም በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። የሠራውን ለውጥ ከነቀኑ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

እናንተም ይህንኑ መዝገብ ያዙ፤ ቀን፣ ገጽ፣ የተደረገ ለውጥ። ለውጥ ፍሬውን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋልና በሦስተኛው ቀን አትገልብጡት። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ 28 ቀኑን ካለፈው 28 ቀን ጋር ብቻ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋርም አነጻጽሩ። ጎብኚ ከቀነሰ በመጀመሪያ በፍለጋ ውጤት ላይ የታያችሁበት ብዛት መቀነሱን እዩ። እሱ እንዳለ ሆኖ ደረጃውም ሳይለወጥ ጠቅታ ብቻ ከቀነሰ፣ ታይትላችሁን ወይም ከእናንተ በላይ አዲስ የመጣውን ነገር መርምሩ። የታያችሁበት ብዛት ቀንሶ ደረጃው ካልተነካ ሰዎች ያንን ነገር መፈለግ ቀንሰዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ደረጃው ራሱ ከወረደ፣ የወረደው አንድ ገጽ ነው ወይስ መላው ድረ ገጽ? መላው ከሆነ ወደ መዝገባችሁ ተመለሱና በዚያ ሳምንት ምን እንደነካችሁ አንብቡ፤ የሮቦትስ ፋይሉንም በዚያው ክፈቱት።