የጓሮ አትክልት መቼ ልትከል? ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት እንጅባራ ነው። ጓሮዬን ብዙ ዓመት ቆፍሬያለሁ። የዘንድሮ ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ «በየትኛው ወር?» የሚሉ ናቸው። ወሩን ከመንገሬ በፊት ግን የት እንዳላችሁ፣ ውሃ እንዳላችሁና አፈራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ባሕር ዳር ቲማቲም በጥቅምት ተክሎ በደንብ ለቀመ። እኔም ደብረ ማርቆስ በዚያው ወር ተከልኩ፤ አበባው ሁሉ ረገፈ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወሩን ከአጎትሽ መውሰድሽ ነው ችግሩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ እናንተ ዘንድ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ሲበርደው አበባውን ያራግፋል።

ከውሃ አጠገብ ከሆንሽ ወደኋላ ቁጠሪ። ፍሬው ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት 15 ላይ መቅላት ይጀምር እንበል። ከተዛወረ በኋላ 90 ቀን ያህል ስጪው፤ የካቲት 15 ትደርሻለሽ። ችግኙ 40 ቀን ይፈልጋል፤ ጥር 5። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ በጣት ይሆናል። ጥር ሌሊቱ ስለሚከብድ ዘሩን በተቆረጠ ጀሪካን ዝሪው፤ ሲመሽ ቤት አስገቢው። በሐምሌ ግን ሜዳ ላይ አትሞክሪው። ቅጠሉ ከርጥበቱ ሳይላቀቅ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ውርጭ እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ አመሻሹ ላይ ጆሮህን ከቆነጠጠህ ጠብቀው። ደመና ካለ ምድር ሙቀቷን ትይዛለች፤ ከሌለ ሌሊቱን ትለቀዋለች። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። እኔ አንድ ታኅሣሥ የጓሮዬ ጎድጓዳ ላይ የተከልኩት ድንች በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ቅጠሉ በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስል ነበር። አምስት እርምጃ ከፍ ብሎ የነበረው ግን ምንም አልሆነም። ቀን ላይ አፈሩን አጠጣው፣ ማታ በገለባ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው። የሐበሻ ጎመን ቀላሉን ውርጭ ይችላል፤ ለእሱ ብዙ አትስጋ።

ጥያቄ፦ ቢቸና ነኝ። ግንቦት ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። ድንቹን ልትከል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገስ። ቁና በሚያህል ጉድጓድ ቆፍርና ከአንድ ስንዝር በታች ያለውን አፈር ጨብጥ። ብትንትን ካለ ላዩን ብቻ ነው የረጠበው። ጨብጠኸው ተድቦልቡሎ በአውራ ጣትህ ስትነካው ከፈረሰ ጊዜው ነው። እጅህ ላይ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ደግሞ አትንካው፤ የእናንተ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ እርጥቡን ከታረሰ ጓል ይሆናል።

ዋልካ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ድንቹን ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከል፤ ውሃው የሚወጣበት ቦይም አብጅ። ዘሩም ጎንቁሎ ይሁን። አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያላወጣ ድንች አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ይበሰብሳል። ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባሉትን የድንች ዝርያዎች ካገኘህ ምችን ከቆየው ዝርያ በተሻለ ይቋቋማሉ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም፣ በርበሬ?

መልስ፦ መደቡ ላይ ሚያዝያ መጨረሻ ይዘራ፤ ዝናቡ ሲረጋ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይዛወር። ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ምረጡ።

ጥያቄ፦ ልጅ ይዤ ነው የምውለው፤ ሰፊ ጊዜ የለኝም። በምን ልጀምር?

መልስ፦ በጎመን፣ እህቴ። ሰኔ ሲገባ ደጃፉ አጠገብ፣ አመዱና ፍጉ በሚደፋበት ቦታ በተን አድርጊው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከታች ከታች ቅጠሉን ትቀነጥቢያለሽ፤ ከላይ ይተካል። ካሮት ከጨመርሽ እዚያው መሬቱ ላይ ዝሪው። ካሮት ማዛወር አይወድም፤ ሥሩ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ አስቤ ነበር። አምና ግን ዘሩ አልበቀለም። ጊዜው ይሆን?

መልስ፦ ጊዜው ልክ ነው፦ መስከረም መጨረሻ ዘርቶ፣ ችግኙ 50 ቀን ሲሞላው፣ ኅዳር ላይ ማዛወር። እኔ የጠረጠርኩት ዘሩን ነው። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ብዙው አይበቅልም። እኔም የከረመ ዘር ገዝቼ ሦስት ሳምንት ባዶ መደብ ሳጠጣ ኖሬያለሁ። አሁን መጀመሪያ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አኖራለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ሰባት ወይም ስምንቱ ነጭ ጭራ ካወጡ እዘራለሁ። ሦስት ብቻ ከሆኑ ወዲያው ሌላ ዘር እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ነው ሙከራውን መስከረም መባቻ ላይ የምጀምረው።