የልጄ ስም በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ቢጻፍ ነፍሱን ይጠቅማታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የ22 ዓመት ልጄ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ኦክስፎርድ፣ ክራይስት ቸርች ካቴድራል ውስጥ በወጣትነቱ ለተገደለ ሰው መታሰቢያ የተሠራ ባለቀለም የመስታወት መስኮት አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። እኛም ለቤተ ክርስቲያናችን በገዛነው ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ አሠርቼ የልጄን ስም ላጽፍበት አሰብኩ። ስሙ በቤተ መቅደስ ካለ ነፍሱም በዚያ ታርፋለች ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶች ግን «የባዕድ ሥርዓት ነው» አሉኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የልጅዎን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልዎ።

«የባዕድ ነው» ያሉዎት ሰዎች አዲስ አበባ ሲሄዱ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን መስኮቶች ቀና ብለው ይመልከቱ። እኔን ያሳሰበኝ መስታወቱ ሳይሆን «ስሙ በቤተ መቅደስ ካለ ነፍሱም ታርፋለች» ያሉት ነው። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! መጋረጃ የሚሰጠውም፣ ምንጣፍ የሚያስገባውም «ስም ይጻፍበት» ይላል፤ ጽሑፉ ብቻውን የሚጸልይ ይመስለዋል።

ያዩት መስኮት የፍሬድሪክ ቫይነር መታሰቢያ ነው። በ1870 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግሪክ አገር ሽፍቶች ያዙት፤ የመቤዣ ገንዘብ ጠየቁ፤ ድርድሩ ፈረሰና በ23 ዓመቱ ተገደለ። እናቱም ለመቤዣው ከተሰበሰበው ገንዘብ ዮርክሽር ውስጥ «አጽናኙ ክርስቶስ» የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይባላል። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር መዝሙረ ዳዊት 49 ትዝ ይለኛል፤ ወንድም ወንድሙን አያድንም፣ ቤዛውንም ለእግዚአብሔር አይሰጥም ይላል። ወርቁ ተሰብስቦ እንኳ አንድን ልጅ ከሽፍታ እጅ ካላወጣ፣ ነፍስን ከሞት ያወጣል ብለን እንዴት እናስባለን? ቤዛችን አንድ ነው፤ እርሱም በመስቀል ላይ ከፍሎ ጨርሷል።

«ታዲያ ልጄ ይረሳል?» ይሉኝ ይሆናል። አይረሳም። በመስኮቱ ላይ የሚጻፈው ጓደኞቹ የሚያውቁት ስሙ ነው፤ ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው ግን በአርባ ቀኑ የተቀበለውን የክርስትና ስሙን ነው። በእንግሊዝ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ሲያርፉ ይህ ስም ጠፍቶ ቤተሰብ ሲጨነቅ አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ስም ለንስሐ አባትዎ ይስጡ።

በሐዘን ፎቶግራፍ ሥር የምንጽፈው «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» (የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል) የሚለውም በመዝሙር 112 ላይ ብቻውን የቆመ አይደለም። ሦስት ቁጥር ወረድ ብለው ያንብቡ፤ «በተነ፥ ለችግረኞችም ሰጠ» ይላል። እኛ የመጀመሪያውን በወርቅ ቀለም እናጽፋለን፣ ሁለተኛውን እናልፈዋለን።

በዚያ መስኮት ላይ ሳሙኤል፣ ዳዊት፣ ወንጌላዊው ዮሐንስና ጢሞቴዎስ በወጣትነታቸው ተሥለዋል። ጢሞቴዎስ እምነቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው ያገኘው። እርስዎም በሰው አገር እየሠሩ፣ እየደከሙ ልጅዎን እጁን ይዘው ወደ ቅዳሴ ወስደውታል። ይህን እግዚአብሔር አይቶታል፤ ለእርሱ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላም መስኮቱን ማሠራት ከፈለጉ አልከለክልዎትም። አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን ያማክሩ፤ ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የተሣለ ይሁን፤ ስሙም ከታች በትንሹ ይጻፍ። የልጅዎን ፎቶግራፍ ግን በቅዱሳን ሥዕል ቦታ አያስገቡ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። በቅዱሳን ሥዕል ፊት የአክብሮት ስግደት እንሰግዳለንና፣ ምእመኑ ለማን እንደሚሰግድ ግራ ይጋባል።

አንድ ቀን ወደ ዊንዘር ይሂዱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት፣ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ምድር ላረፈው ለአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ለልዑል ዓለማየሁ ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጠችው የናስ ሰሌዳ አለ። የተጻፈበት ቃል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው ነው። ዛሬም በሚኖሩበት ከተማ የልጅዎ እኩዮች የሆኑ፣ ዘመድ የሌላቸው፣ ወረቀታቸውን የሚጠብቁ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። በሙት ዓመቱ ዝክር ላይ ፈልገው ይጥሯቸው፤ በእጅዎ ያጉርሷቸው፤ የልጅዎንም የክርስትና ስም ይንገሯቸው።